ክረምት ሳይገባ፦ ለከባድ የቤትና የግቢ ጥገና ሰው አፈላለግና አሠራር

ግንቦት ሲጋመስ ሰማዩ ማጉረምረም ይጀምራል። ያኔ ሁላችንም ቀና ብለን ጣሪያውን እናያለን። አሸንዳው ተገንጥሏል። የጓሮው አጥር ወደ ጎረቤት አዘንብሏል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቷል። የባህር ዛፉ ቅርንጫፍ የመብራት ሽቦ ላይ ተኝቷል። እነዚህ አንድ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዶሻ ይዞ የሚጨርሳቸው ሥራዎች አይደሉም። ሰው ይፈልጋሉ፤ ዋናው ነገር ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልጉ ማወቁ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥገና የሚበላሸው ሠራተኛው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የጉልበት ሥራውን ለባለሙያ፣ የባለሙያውን ሥራ ለጉልበት ሠራተኛ ስለምንሰጥ ነው። የመጀመሪያው ብር ያስወጣል። ሁለተኛው የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ከዚህ በታች ያለው በአዲስ አበባና መሰል ከተሞች ለሚኖር ባለ ግቢ የተጻፈ ነው።

1. መጀመሪያ ግቢውን ዙሩ

ደብተርና ሜትር ይዛችሁ ግቢውን አንዴ ዙሩት። ከተቻለ ዝናብ በጣለ ማግስት ይሁን፤ ውሃው የት እንደሚተኛ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፎቶ አንሱ፣ ለኩ፣ ጻፉ። «አጥሩ ተሰንጥቋል» ብቻ ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። «በምሥራቅ በኩል ያለው አጥር፣ ርዝመት 6 ሜትር፣ ቁመት 2 ሜትር፣ ባለ 20 (20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው) ብሎኬት፣ ከሥሩ እርጥብ» ብላችሁ ጻፉ። ኋላ ዋጋ የምትጠይቁት በዚህ ነው።

ከዚያ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ከሦስት ቃላት አንዱን አስቀምጡ፦ ጉልበት፣ ሙያ፣ ወይም «አይነካም»። ጉልበት ማለት መቆፈር፣ መሸከም፣ ፍርስራሽ ማውጣት፣ ግቢ መደልደል ነው። ሙያ ማለት ግንብ፣ ጣሪያ፣ መብራት፣ ቧንቧ፣ ብየዳ ነው። «አይነካም» የምትሉት ደግሞ ልዩ መሣሪያ ያለው አካል ካልመጣ በስተቀር ማንም እንዳይጠጋው የምትወስኑትን ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ መውረድና የመብራት ሽቦ የነካ ዛፍ መቁረጥ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

አንዳንዱ ሥራ ለሁለት ይከፈላል። ሮቶ ማማ ላይ ማውጣት የጉልበት ነው፤ ማማውን መሥራት ግን የሙያ ነው። 2 ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ 2 ሺህ ኪሎ ይመዝናል። ያንን ክብደት ቀንና ሌሊት የሚሸከም ብረት በግምት አይበየድም።

ክብደትን አሳንሶ መገመት የተለመደ ነው። 10 ሜትር ርዝመት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የውሃ መውረጃ ቦይ ሲያዩት ትንሽ ነው። የሚወጣው አፈር ግን 2 ሜትር ኩብ ነው፤ ከ3 ሺህ ኪሎ በላይ ማለት ነው። «አንድ ልጅ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል» ብላችሁ ከተነሳችሁ ልጁንም ትጎዳላችሁ፣ እናንተም ትናደዳላችሁ።

2. ፈቃዱን ጨርሱ

የተበሳ ቆርቆሮ መለወጥና ግድግዳ አፍርሶ መሥራት አንድ አይደሉም። የግንባታ ፈቃድን ጉዳይ የሕንፃ አዋጁ ይዟል። አጥር እንደ አዲስ የምትገነቡ፣ ግድግዳ የምታንቀሳቅሱ ወይም ትልቅ ዛፍ የምትቆርጡ ከሆነ ቀድማችሁ ወረዳ ጠይቁ። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ደግሞ ቤቱን የሚያስተዳድረው ክፍል ሳያውቅ ምስማር እንኳ ባትመቱ ይሻላል። መልሱን በወረቀት ተቀበሉ። በቃል «ችግር የለውም» ያለ ሰው ነገ ከቦታው ሊቀየር ይችላል።

3. ሰው የት ይገኛል?

ለጉልበት ሥራ ጠዋት ወደ ሰፈራችሁ አደባባይ ወይም መንገድ መጋጠሚያ ውጡ። ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አካፋና ዶማ ይዘው ሥራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ቀድሞ የሄደ ይመርጣል። ሁለት ሦስት ሰው ከፈለጋችሁ የሚተዋወቁትን በአንድ ላይ ውሰዱ፤ እርስ በርስ ይግባባሉ፣ አንዱ ለአንዱ ያስባል። ሥራውን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ምሳ መኖር አለመኖሩንና ክፍያውን እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው። ግቢ ከገቡ በኋላ «እግረ መንገዳችሁን ይቺንም» እያሉ ሥራ መጨመር ነውር ነው። ሴቶችም አፈርና ብሎኬት ይሸከማሉ፤ ለእኩል ሥራ እኩል ክፈሉ።

ለሙያ ሥራ አደባባይ አትሂዱ። አምና ጣሪያውን አሠርቶ ዘንድሮ ያላፈሰሰበትን ጎረቤት ጠይቁ። ጥሩ ምስክር ማለት አንድ ክረምት ያለፈበት ሥራ ነው። የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ያላቸው ሰዎችም የትኛው ግንበኛ በየጊዜው እየመጣ እንደሚገዛ ያውቃሉ። ደላላ ካስገባችሁ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል መጀመሪያ ተነጋገሩ፤ ካልሆነ ዞሮ ዞሮ ከሠራተኛው ኪስ ይወጣል። በቴክኒክና ሙያ ተቋም ተምረው የብቃት ማረጋገጫ፣ ማለትም ሲኦሲ ያላቸው ወጣቶችም አሉ። በተለይ ለመብራት ሥራ ወረቀቱን አሳዩኝ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጥሩ ግንበኛ እንዴት ይታወቃል? ዋጋ ስትጠይቁት ወዲያው ቁጥር አይጠራም። አጥሩን በሁለቱም በኩል ዞሮ ያያል። በጎረቤት በኩል ያለው አፈር ከፍ ብሎ እንደሆነ ይጠይቃል። እንጨት አንስቶ ከግንቡ ሥር ያለውን አፈር ወጋ ወጋ ያደርጋል። «ውሃው በየት ነው የሚሄደው?» ይላል። ቱንቢና ውሃ ልክ ከቦርሳው ያወጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ካገኛችሁ ትንሽ ቢወደድም ያዙት። ከመኪና ሳይወርድ ዋጋ የሚጠራውን አመስግናችሁ ሸኙት።

4. በቀን ወይስ በቁርጥ?

የሚለካና በዓይን የሚታይ ሥራ በቁርጥ ይሻላል። የ10 ሜትር ቦይ፣ የ40 ካሬ ልስን፣ የ30 ቆርቆሮ ቅየራ በቁርጥ ቢሆን ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። ከመሬት በታች ያለ፣ ሲከፈት ምን እንደሚወጣ የማይታወቅ ሥራ ግን በቀን ይሁን። የቆየ የቧንቧ መስመር ፍለጋ እንዲህ ነው። ያዘነበለ ግንብ ማፍረስም በቀን ቢሆን እመርጣለሁ። በቁርጥ የያዘ ሰው ይቸኩላል፤ እንዲህ ያለ ግንብ ሥር ደግሞ ችኮላ አይፈለግም።

ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፤ ለሠራተኛው የእጅ ዋጋ ብቻ ክፈሉ። ያኔ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ፣ ጥርጣሬም አይኖርም። ሲሚንቶ በ50 ኪሎ ከረጢት ነው የሚመጣው፤ አንድ ኩንታል ሲባል ሁለት ከረጢት ነው። ከረጢቱን ጫን ጫን አድርጋችሁ ዳስሱት፤ ውስጡ ጓል ካለ እርጥበት ነክቶታል። መሬት ላይ አታስቀምጡት፣ ጣውላ ረብርቡለት። ቆርቆሮ ስትገዙ የጌጅ ቁጥሩን ጠይቁ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 28 ከ35 በጣም ይጠነክራል። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይመስለዋል።

አሸዋን እንዲህ ፈትኑት። የላስቲክ ጠርሙስ ግማሹን አሸዋ ሙሉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ በደንብ ነቅንቃችሁ አስቀምጡት። ከጥቂት ሰዓት በኋላ አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ይተኛል። የጭቃው ንብርብር ወፈር ካለ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። በጭቃማ አሸዋ የተለሰነ ግድግዳ በዓመቱ መርገፍ ይጀምራል።

ስምምነቱን በአንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ። ምን እንደሚሠራ፣ በስንት ቀን፣ የእጅ ዋጋ ስንት፣ ፍርስራሹን ማን እንደሚያወጣ። የመጨረሻው በጣም ይረሳል። ፍርስራሽ መንገድ ላይ ወይም ወንዝ ዳር ከተጣለ ቅጣቱ ለባለቤቱ ነው የሚመጣው፣ ቦዩም ይደፈናል። ሁለት ምስክር ይፈርም፣ የመታወቂያ ኮፒ ይያያዝ። ቀብድ ከሩብ አይብለጥ። ቀሪውን ሥራው በደረሰበት ልክ ክፈሉ። ጥቂቱን ደግሞ ዝናብ እስኪዘንብ አቆዩ፤ ይህም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፣ ሠራተኛውም ከመጀመሪያው ይወቀው። የቀን ሠራተኛን ግን በዕለቱ ማታ ክፈሉ። ነገ ብላችሁ አታሳድሩ፤ ያ ሰው ማታ የሚገዛው ዳቦ አለ።

5. ቀኑን መምረጥ

ቀን ስትቆርጡ የሰዉን በዓል እወቁ። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም አፈር የማይቆፍር ሰው ብዙ ነው። ዓርብ ቀን የጁምዓ ሰዓት አለ። የሰኔ ጾም ከገባ ደግሞ ምሳው የጾም ይሁን። ይህን ቀድሞ የጠየቀ አሠሪ ሠራተኛው ደስ ብሎት ይሠራለታል።

በሥራው ቀን የሚጠጣ ውሃ፣ ጓንት፣ ከባድ ነገር በሚወድቅበት ቦታ ሄልሜት፣ ለጣሪያ ጠንካራ ገመድ አዘጋጁ። ዶማ፣ ዲጂኖ፣ አካፋና ባሬላ እንዳላቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከሌላቸው ተከራዩ ወይም ተዋሱ። ግድግዳ የሚነካ ሥራ ካለ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ልጆች ከግቢው ይውጡ።

6. ደቦ የሚጠራበት ሥራ

ሁሉም በገንዘብ አይገዛም። ከጣሪያ የወረደ አሮጌ ቆርቆሮ ማጋዝ፣ ሮቶ ማንሳት፣ አፈር ማጋዝ፣ የተቆረጠ ዛፍ ከግቢ ማውጣት ብዙ እጅ ለአጭር ሰዓት የሚፈልግ ሥራ ነው። ለዚህ ደቦ አለን። በደቦ የጠራው ሰው ያበላል፣ ያጠጣል፤ የመጣው ደግሞ ቀን አይቆጥርም። ወንፈል ከሆነ ግን ብድር አለበት፤ ዛሬ ለኔ ከሠራህ ነገ እኔ ላንተ እሠራለሁ። ጎረቤት ስትጠሩ የትኛው እንደሆነ ግልጽ ይሁን።

ለደቦ ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ አታዘጋጁ። ዕቃው ቀድሞ ይቅረብ፣ ሰው መጥቶ መዶሻ ፍለጋ አይዙር። አንድ አዛዥ ይኑር። ከባድ ነገር ሲነሳ አሥር ሰው ከጮኸ ይወድቃል፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ከፍታ ላይ የሚሠራ ሥራና መብራት በደቦ አይሠራም።

ጎረቤታችሁ አቅም የሌላቸው እናት ወይም አባት ከሆኑ ሌላም መንገድ አለ። በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል። ስማቸው ወረዳው ዘንድ እንዲያዝ ቀደም ብላችሁ አብራችኋቸው ሂዱ። ሰኔ ሲደርስ ወረፋው ይረዝማል። እድር፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድም መጠየቅ ይቻላል። እማማ ራሳቸው አይጠይቁም፤ ያፍራሉ። እናንተ ጠይቁላቸው።

7. አራቱ አደገኛ ሥራዎች

ያዘነበለ አጥር። ከግንቡ አናት በክር ድንጋይ አንጠልጥሉ። ከላይና ከታች በክሩና በግንቡ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። በባለ 20 ብሎኬት አጥር ላይ ልዩነቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ እኔ «ይፍረስ» ነው የምለው። በልስን የሚሸፈን አይደለም። ከላይ ወደታች፣ ረድፍ በረድፍ ይፍረስ፤ በዲጂኖ ከሥር መፈንቀል ክልክል ነው። በሁለቱም በኩል ከግንቡ ቁመት በላይ የሆነ ርቀት ይከለል። ጎረቤትም ይነገረው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2077 ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። «ዝናቡ ነው የጣለው» የሚለው አያድናችሁም።

አዲሱ ሲሠራ የወደቀበትን ምክንያት መልሳችሁ አትገንቡ። በቦሌና በሲኤምሲ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ግንቡን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። መሠረቱ ከዚያ አፈር በታች ጠንካራውን ይፈልግ። አፈር ተደግፎት የሚቆም ግንብ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ በየሜትር ተኩሉ የውሃ ማስተንፈሻ ቱቦ ይቀመጥ፣ ከኋላው ጠጠር ይሞላ። ግንብ የሚገፋው አፈሩ ብቻ አይደለም፤ መውጫ ያጣው ውሃ ነው።

ጣሪያ። በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ ማንም አይውጣ። መሰላሉ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ከደረሰ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፤ አንድ ሰው ከታች ይያዘው። የሚረገጠው የምስማሩ መስመር ላይ ነው፤ ከሥሩ ሞራሌው፣ ማለትም ቆርቆሮው የተመታበት እንጨት፣ ያለው እዚያ ነው። መካከሉ ባዶ ነው። ዝናብ ያስገባ የነበረ ጣሪያ ላይ ግን ሞራሌው ራሱ በስብሶ ሊሆን ይችላል፤ ከመውጣታችሁ በፊት ከኮርኒሱ በኩል በሚስማር ጫፍ ውጉት። ያለ ችግር ዘልቆ ከገባ ጥገናው ከእንጨቱ ይጀምራል። የምስማሩ ጎማ የተሰነጠቀውን ሁሉ ለውጡ። ብዙ «ጣሪያ አረጀ» የተባለ ቤት የሚያፈሰው በዚህች ጎማ በኩል ነው።

ዛፍ። ቅርንጫፉ ሽቦ ከነካ ቆራጭ አትጥሩ፤ ወደ መብራት አገልግሎት 905 ደውሉ። ሽቦ ከሌለ ገመድ ያለው ልምድ ያለው ቆራጭ ፈልጉ። ከላይ ጀምሮ እየቆራረጠ፣ እያንዳንዱን በገመድ እያወረደ ይሠራል። ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ እንጨቱን ማን ይወስዳል? ጉቶውስ? እንጨቱን ቆራጩ ከወሰደ ዋጋው ይቀንሳል። ጉቶ ማውጣት ደግሞ ራሱን የቻለ የቀን ሥራ ነው፣ አንዳንዴም ከቆረጣው ይከብዳል።

የሽንት ቤት ጉድጓድ። እዚህ ላይ ልመናዬ ነው። ማንም ሰው፣ ምንም ያህል ቢከፈለው፣ ወደ ውስጥ አይውረድ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ በመጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲጨምር አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሰውየው «አሁን ደህና ነው» ብሎ በሚወርድበት ሰዓት ራሱን ይስታል። ሊያወጣው የወረደው ጓደኛውም አብሮት ይቀራል። ክዳኑ ተከፍቶ ቢያድርም ጋዙ ከታች ይተኛል። መፍትሔው የፍሳሽ ማንሻ መኪና ነው። በአዲስ አበባ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ተመዝገቡ፤ የግል መኪናዎችም አሉ። ክረምት ከገባ ወረፋው ስለሚበዛ በሚያዝያ ጨርሱት። ሰው ወድቆ ካያችሁም ተከትላችሁ አትግቡ፤ በአዲስ አበባ 939 ደውሉ። የተተወ የውሃ ጉድጓድም እንደዚሁ ነው።

8. ከውጭ ሆናችሁ የምታሠሩ ከሆነ

ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ የእናቱን ቤት የሚያሳድስ ሰው ብዙ ነው። ብሩን በሙሉ ለአንድ ዘመድ ልኮ መጠበቅ ዝምድናውንም ቤቱንም ይጎዳል። የሚቆጣጠረውንና የሚከፍለውን ለዩ። ግንበኛው ሥራውን በቪዲዮ ያሳያችሁ፤ ግን ሜትር ዘርግቶ፣ ቱንቢ አንጠልጥሎ። ከመሬት በታች የሚቀበር ነገር፣ ለምሳሌ መሠረትና ቱቦ፣ ሳይሸፈን ፎቶው ይላክ። ለዕቃ የሚከፈለውን በቀጥታ ለሱቁ ላኩ። እናታችሁ ሠራተኛ ለመመገብ ሲሉ ቡና ሲያፈሉና ሲያበስሉ እንደሚውሉም አስቡ፤ ለዚያም የሚያግዛቸው ሰውና ወጪው በጀቱ ውስጥ ይግባ።

9. ርክክብ

ዝናብ እስኪመጣ አትጠብቁ። ግንበኛው ባለበት አንድ ሰው አሸንዳው ውስጥ በባልዲ ውሃ ያፍስስ፣ ሌላው ከታች ሆኖ ይይ። ውሃው ወደ መውረጃው ካልሄደና መሃል ላይ ከተኛ ዘንበል ማለቱ አልበቃውም። ቦዩም ላይ እንዲሁ አድርጉ። ሮቶውን ሙሉና አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ጠዋት የማማውን እግሮች በውሃ ልክ እዩ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና በደብተሩ የጻፋችሁትን አንድ በአንድ ተመልከቱ። የሚያፈስ ካለ በቪዲዮ ቅረጹና ለሠራተኛው ላኩለት፤ በሚቀጥለው ደረቅ ቀን መጥቶ ያስተካክል። ካልፈሰሰ ያቆያችሁትን ቀሪ ሂሳብ በዚያው ዕለት ላኩለት፣ ስልኩንም ለጎረቤት ስጡ።